ባናው ከብዶኛል

«ያዙት እንጂ አትጎትቱት!»

ተገኘ ከቀብር ከተመለሰ ወዲህ ድምፁ ሲሰማ ይኼ የመጀመሪያው ነበር። ሴቶቹ ደንግጠው እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሡ። ክፉ አስበው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛበታል፤ ቤቱ ጠባብ ነው፤ የሠርካዲስ የልብስ ስፌት መኪና ደግሞ ከነተሸከመው ጉድ የሳሎኑን እኩሌታ ይዞ ተቀምጧል። የእድሩ ሴቶች አለቃ አስረሳች «ይኼ ነገር ጓዳ ይግባ» ብላ ስታዝ፣ ሴቶቹ ተረባርበው ብርድ ልብሱን ከመኪናው አንገት ሥር ሊመዙት ያዙ። መርፌው ግን ጨርቁን እንደወጋ ነበር። ሠርካዲስ ሥራ ስታቋርጥ፣ ጥጡና ገበሩ እንዳይንሸራተትባት ሁልጊዜ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ሰክታ ነው የምትነሣው። ልጇን ልትጠይቅ ወደ ሰመራ ስትሄድም እንደዚያው ሰክታው ሄደች። የተመለሰችው በሣጥን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ሰዉ የት ይቀመጥ?» አለች አስረሳች። «ቆሞ ያልቅስ?»

«ቆሞ ያልቅስ» አለ ተገኘ።

ጎረቤቷ ሰኢዳ የንፍሮውን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰኢዳና ሠርካዲስ አንድ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ናቸው፤ የዚያን መኪና ድምፅ ከራሷ ቤት ሆና ስትሰማው ስለኖረች ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ተዪው አስረሱ፣ ምንጣፉ ደጅ ድንኳኑ ሥር ይነጠፍ። ወላሂ በዚህ ብርድ ልብስ ስንቴ ሲጣሉ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ በሞቷ ማን ይነካዋል?» አለችና ሴቶቹን እየነዳች አወጣቻቸው። ተመልሳ ደግሞ፣ «ሶብር አድርግ ተገኘ። አላህ ያጽናህ» አለችው።

ተገኘ ከመኪናው ማዶ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። የእሱ ቦታ ያቺው ዱካ ነበረች።

ትልቅ ብርድ ልብስ በቤት የስፌት መኪና መስፋት ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ሁለት ሰው የሚያለብስ ጨርቅ፣ በመሀሉ የመልካ ወረር ጥጥ የተነጠፈበት፣ ከሥሩ ገበር የተደረገለት፣ ከመኪናው አንገት ሥር ባለችው ጠባብ ክፍተት ተሹለክልኮ ማለፍ አለበት። እኩሌታው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በአንገቱ ሥር ይገባል፤ እኩሌታው በማዶ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለው ወደ መሬት ከሳበው ስፌቱ ይጣመማል፤ ሲብስም መርፌው ይሰበራል። ስለዚህ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ማዶ ተቀምጦ ክብደቱን መሸከም አለበት። ሰፊዋ ሠርካዲስ ነበረች፤ ተሸካሚው ተገኘ።

ቀኑን ሙሉ ጅቡቲ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ የከባድ መኪና ካምቢዮ ሲያወርድ የሚውል ሰው፣ አመሻሽ ላይ ጥጥ ታቅፎ ሲቀመጥ ጓደኞቹ ያልቀለዱት ቀልድ የለም። እሷማ ስሙንም ትታው፣ መኪና በሚያነሣበት ዕቃ «ክሪክ» ነበር የምትለው። «ክሪክ፣ እስቲ ከፍ!» ስትል ያነሣል። «ዝቅ!» ስትል ያወርዳል። ሲደክመውና ሲጎትትባት ታዲያ ጉድ ፈላ። «አትጎትት ብያለሁ! ክሪክ ያነሣል እንጂ ይጎትታል?» አንድ ቀን እንዲሁ ጎትቶ መርፌው ተሰበረና ስባሪው ጉንጯ ላይ ተሰካ። ደሙን በመዳፏ ጠርጋ፣ ጨርቁን እንዳይነካ እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ እንደዚያ ቆማ ነው ስድቧን ያወረደችው። አንደበቷ ለስላሳ ነበር ብሎ የሚዋሽላት ለቀስተኛ እስካሁን አልመጣም።

ጥጥ በተነጠፈ ቀን ቬንትሌተር አታስከፍትም፤ ይበትነዋል። በዚያ በአዋሽ ሙቀት በር ዘግተው፣ ላባቸው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ ለሌላ ሰው ብርድ ሲሠሩ ያመሻሉ። ደንበኞቿ ጥጥ ለቀማና ሸንኮራ ቆረጣ የወረዱ ደገኞች ናቸው፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለእናት፣ ለሚስት ይዘው ይገባሉ። አዋሽ ውስጥ ለብሶት የሚያድር አንድም ሰው የለም። ሰኢዳ «አንቺ ሴትዮ፣ ጀሃነም ላይ ተቀምጠሽ ካፖርት ትሸጫለሽ» ስትላት፣ ሠርካዲስ በሣቅ ትፈርስ ነበር።

ደጅ ድንኳኑ ሥር ፍሬ ለገባ ለወጣው ሁሉ ያንኑ ትናገራለች። የተገኘና የሠርካዲስ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሥራዋ ሰመራ ነው፤ እናቷም የሞተችው እሷው ዘንድ ነው።

«ራሴን አመመኝ ስትል ሙቀቱ ነው አልናት። ሁሉም ሰው ሙቀቱ ነው አለ። ኋላ ደግሞ ብርድ ብርድ አለኝ አለች። ሰመራ ማን ብርድ ልብስ አለው? አንሶላ ደረብኩላት። የጎረቤትም አንሶላ ለምኜ ደረብኩላት። መጋረጃውንም አወረድኩ። ትንቀጠቀጣለች። ሐኪም ቤት ስናደርሳት 'አሁን ነው የምታመጧት?' አሉን።»

«አይዞሽ፣ ቀኗ ነው» ይሏታል። እሷም አንገቷን ነቅንቃ ለሚቀጥለው ለቀስተኛ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ተገኘ ሳሎን ሆኖ ይሰማታል። በዚያ ሰዓት እሱ አንድ ተሳቢ ሥር ተኝቶ ቡሎን ሲፈታ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ እጄ ግሪስ ነው ብሎ አላነሣውም። ቢያነሣስ ምን ሊያደርግ ነበር? ከአዋሽ ሰመራ ያለውን መንገድ በትከሻው አያሳጥረው። ያም ሆኖ እጁን በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ከቀብር ወዲህ ሲጠርገው ነው የሰነበተው።

የሠርካዲስ ታናሽ ወንድም ደግነት ወደ ሳሎኑ ገብቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። የመጣው ከመንዝ፣ ከመሀል ሜዳ ነው፤ ያንን የደጋ ኮቱን እስካሁን አላወለቀውም።

«ጋሼ፣ ነገር ተበላሽቶብኛል» አለ በሹክሹክታ።

«ከዚህ ወዲያ ደግሞ ምን ይበላሻል?»

«ፍሬ ስትደውልልኝ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ፊቴን አይታ፣ ምን ሆነሃል፣ የት ልትሄድ ነው ስትለኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። አዋሽ ወርጄ ብርድ ልብስሽን ላመጣልሽ ነው አልኳት።»

ተገኘ ቀና ብሎ አየው።

«መርዶውን ገና አልሰማችም። ልቧን እንደሚያማት ያውቃሉ፤ ይኼን ትችለዋለች የሚባል ነገር የለም። ዘመድም የነፍስ አባቷም ተመካክረው፣ አዝመራው ይግባና ሰው ተሰብስቦ ቀስ ብሎ ይነገራት ብለዋል። እኔ አሁን ባዶ እጄን ከገባሁ ግን ያው መርዶ ነው። በየቀኑ ትደውላለች፤ 'አለቀ ወይ?' ነው የምትለኝ።»

«አላለቀም።»

«እንዳለ ብወስደውስ?»

«ሠርኬ ጅምር ሥራ ከቤቷ ወጥቶ ያውቃል? አንተ ወንድሟ ነህ፣ ንገረኝ እስቲ።»

ደግነት አንገቱን ደፋ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሱም ቸግሮት ያወጣት አንዲት ቃል ናት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ግን እዚህ ቤት አልሠራም፤ ይኼኛው እያደር የሚከብድ ሆነ።

ነገሩ የብርድ ልብስ ብቻ ቢሆንማ ቀላል ነበር።

ባና የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር የሚያሠራው ወፍራም ልብስ ነው። የአገሩን ብርድ የሚችለው እሱ ነው፤ ክብደቱን ደግሞ የለበሰ ያውቀዋል። ሠርካዲስ ባና ለብሳ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ እናቷ እማማ ተስፋነሽ ከአንድ ደህና ቤት ሽማግሌ ተቀበሉ። የሠርጉ ጠላ ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ ሳለ ልጅቱ ጥጥ ለቃሚ የሚጭን መኪና ላይ ተሰቅላ መልካ ወረር ገባች። እናት በአገር ፊት ተዋረዱ። «ከእንግዲህ የዚያችን ልጅ ድምፅ ብሰማ ጆሮዬ ይደፈን!» ብለው በታቦት ማሉ፤ እንደማሉም ቀሩ። ሠርካዲስ ተገኘን አገባች፣ አልጠየቋትም። ፍሬ ተወለደች፣ አልጠየቋትም። ስልክ አገሩን ሲያዳርስ ደግነት «እማዬ፣ ሠርኬ ናት» እያለ ሊያቀብላቸው ይሞክራል፤ ተነሥተው ይወጣሉ። ሠርካዲስም የእናቷ ልጅ ናት። «እኔም አልለምናትም» ትላለች። ስልኩን ግን ቶሎ አትዘጋም። የእናቷ ኮቴ ከቤት እስኪወጣ ድረስ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታዳምጠዋለች።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ደግነት ደወለና፣ «እማዬ መልእክት አላት» አለ። «ባናው ከብዶኛል በላት ብላኛለች።»

ሌላ ቃል የለም። ሠርካዲስ ስልኩን ዘግታ መኪናው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሣቀች። «ሰማህ ክሪክ? ባናው ከብዷታል» አለች። ተገኘ ምኑ እንደሚያሥቅ ያን ቀን አልገባውም። ለእናቷ ከባናው የሚቀል ብርድ ልብስ ልትሰፋ ምርጡን ጥጥ ለይታ፣ ጉድፉን አንድ በአንድ ለቅማ፣ በጣቷ አፍታታ ስታነጥፈው ሲያይ ነው ቀስ እያለ የገባው። እናት ይቅርታ እየጠየቁ ነው፤ ወይም ይቅር እያሉ ነው። የትኛው እንደሆነ እናትና ልጅ ያውቃሉ።

ለሰው የምትሠራውን በሳምንት ጨርሳ የምትሰድ ሴት በዚህኛው ላይ እጇ ተሳሰረ። አንድ መስመር ሰፍታ ትፈታዋለች። ደግማ ትሰፋዋለች፣ ደግማ ትፈታዋለች። «በቃ እኮ! ለደንበኛ ቢሆን ይኼኔ አልቆ ነበር» ብሎ ጮኸባት ተገኘ አንድ ምሽት፣ ክንዱ ዝሎ። «ለሷ አይበቃም» አለችው። ክንዱ ቢዝል ያን ጊዜ ምን ነበረበት!

ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ደግነት በማግስቱ መሄዱ ነው። ፍሬ የእናቷን ወንበር ስባ መኪናው ላይ ስትቀመጥ አስረሳች ከጓዳ ብቅ አለች።

«እንዴ! በለቅሶ ቤት መኪና ሊንቋቋ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን ይላል ስትዪ አሮጊቷ ብታልፍስ?» አለች ሰኢዳ።

«ታዲያ አንቺ ለምን አትሰፊውም፣ ቤትሽ ወስደሽ?»

«እኔ የማውቀው የትራስ ልብስ ነው። ይኼንንማ አልደፍርም።»

ፍሬ ከእናቷ ያየችው ነገር አለ፤ አይታው ነው እንጂ ሠርታው አታውቅም። ክርክራቸው ሳያልቅ መንኰራኩሩን በእጇ አዞረች፤ መርገጫውን ረገጠች፤ መርፌው ከተሰካበት ወጥቶ መሄድ ጀመረ። ተገኘ ማዶ ሆኖ ክብደቱን ተሸከመ። ከፍ በል የሚለው የለም። ዝቅ በል የሚለው የለም። ያን ሁሉ ዘመን ከማዶዋ ተቀምጦ የሚያየው ከጥቅሉ በላይ የሚወጣውን ግንባሯን ነበር፤ እጇ ምን ይሠራ እንደነበር አንድም ቀን አላየም። አሁን የልጁን ግንባር አየ፤ የእናቷ ግንባር ነው። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ታለቅሳለች። ተገኘ ሊይዛት ይሁን ሊያስቆማት እሱም አያውቅም፣ ጨርቁን ወደ ራሱ ሳበው።

መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ጎተትከው አባዬ» አለች ፍሬ።

«ጎተትኩት» አለ።

መሳቢያው ውስጥ ወፍራም መርፌ ታጣ። ሰኢዳ ሮጣ የራሷን አመጣች፤ የትራስ ልብስ መርፌ ያንን ጥጥ ሊችለው አይደለም፣ ገና ሲነካው ተጣመመ። አስረሳች እንኳ ሐሜቱን ትታ ሰፈር ውስጥ ላሉ ልብስ ሰፊዎች ደወለች። አንዱ ሱቁን ዘግቶ አገር ቤት ሄዷል፤ ሌላው የለኝም አለ። ፍሬ የሰፋቻት መስመር ደግሞ ከእናቷ መስመሮች አጠገብ እንደ ሰካራም ተንጋዳ ትታያለች። ያንን ላለማየት ሁሉም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ነገ ከናዝሬት መርፌ እናስመጣለን» አለች ፍሬ።

«ነገማ እማዬ ትጠብቀኛለች» አለ ደግነት።

ይኼን ተናግሮ አፉን ሳይዘጋ ስልኩ ጮኸ። አየውና ፊቱ ጠቆረ።

«ራሷ ናት።»

በዚያው ቅጽበት ከአዋሽ አርባ የመጡ ለቀስተኞች ደጁን ሲረግጡ «ወይኔ ሠርኬ! ወይኔ እጀ ወርቅ!» ብለው ለቀቁት። አስረሳች ነጠላዋን እየጎተተች ወጣችና የፊተኛዋን ሴት አፍ በመዳፏ ከደነች። አልቅሱ እያለች ስታዝ የከረመች ሴት አሁን በር ላይ ቆማ «እባካችሁ አታልቅሱ፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ አታልቅሱ» እያለች ትለምናለች። ሰኢዳ የሳሎኑን በር ዘጋችው። ደግነት ስልኩን አንሥቶ ስፒከር ላይ አደረገው፤ የእናቱ ድምፅ ስለደከመ ስልክ ሲያናግራቸው እንዲህ ነው የለመደው።

«አለቀ ወይ?» አሉ እማማ ተስፋነሽ።

«ሊያልቅ ነው እማዬ።»

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ሠርግ ነው… ጎረቤት ሠርግ አለ።»

«ደግ። ባሏ አለ?»

«አለ።»

«እስቲ ስጠኝ።»

ተገኘ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። የአማቱን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። የሠርካዲስ ድምፅ ነበር፣ አርጅቶ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«ተገኘ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እሷስ?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ተገኘን ያያል። እውነቱን ቢናገረው በአንድ ቃል ያልቃል፤ አሮጊቷም በዚያው ሊያልቁ ይችላሉ።

«መኪናው ላይ ናት» አለ።

«አትጥራብኝ፤ በስተርጅና ታቦት አላስቀይምም። ድምጿን ብሰማ ብዬ ምያለሁ።» ትንፋሻቸው ስልኩን ሞላው። «የመኪናውን ግን አልማልኩም። እሱን አሰማኝ።»

ፍሬ ቀና ብላ ትረግጠው ይሆን ብለው ሁሉም አዩ። ፍሬ ብርድ ልብሱ ላይ ተደፍታ ጨርቁን ነክሳዋለች፤ ሲቃዋ እንዳይሰማ። ሊያነሣት የደፈረ የለም። ተገኘ ስልኩን ለደግነት ሰጥቶ ዞረ። ልጁን በቀስታ ወደ ሰኢዳ ትከሻ አሳለፋትና እሱ ተቀምጦበት በማያውቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አልገባለት አለ፤ ወንበሩ ለእሷ ቁመት የተሠራ ነው። መርገጫውን ቢረግጠው መንኰራኩሩ ወደ ኋላ ዞረ። በእጁ አቀናውና ደግሞ ረገጠ። መርፌ የሌለው መኪና፣ ክር የሌለው መኪና፣ ምንም ሳይሰፋ መሄድ ጀመረ። ድምፁ ያው ነው። ሰኢዳ ከግድግዳዋ ማዶ ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነውና የፍሬን ራስ አቅፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ደግነት ስልኩን ወደ መንኰራኩሩ አስጠጋው። እማማ ተስፋነሽ አዳመጡ፤ ተገኘ ረገጠ። አሁን ይዘጉታል ብሎ ጠበቀ፤ አልዘጉትም። ይብቃኝ ይላሉ ብሎ ጠበቀ፤ አላሉም። ማቆም አልቻለም፤ ቢያቆም ምን ይላቸዋል? ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ረገጠ።

«መስማቱን ነው የማልኩት» አሉ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይለይ። «መናገሩን አይደለም። ሠርኬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

መኪናው ይሄዳል።

«አትቸኩዪ ልጄ። ብርዱ ገና ነው፤ አትቸኩዪ።»

ተገኘ እግሩን ቀስ አደረገ።